መዝጋት ብቻ የሚያውቅ ጥሩምባ

ዳንግላ ውስጥ ኪዳኑን የማያውቅ ሰው ካለ ገና ትናንት ከሚኒባስ የወረደ መሆን አለበት። ቁመቱ ዘለግ፣ ትከሻው ጠበብ ያለ ሰው ነው። ጉንጮቹ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አየር ሲሞላባቸው ኖረው ቆዳቸው ላልቷል፤ ከዚህም የተነሣ ሲያስብም፣ ሲደሰትም፣ ሚስቱ እመቤት ሽሮ ስታቀርብለትም ሳያውቀው ይነፋቸዋል። እመቤት «እስኪ ማዕድ ላይ እንኳ ፊትህን አሳርፈው» ትለዋለች። ያሳርፈዋል፤ ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ተመልሶ ይነፋዋል።

ኪዳኑ የሰፈሩ ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት የዕድሩ ዳኛ ያስጠራውና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይነግረዋል። እሱም ያቺን አንገቷ የተጣመመ ጥሩምባ ከግድግዳ አውርዶ ከላይ መንደር እስከ ገበያው ጫፍ እየነፋና ስም እየጠራ ይዞራል። ድምፁ የደረሰበት ሁሉ ይዘጋል። ወፍጮው ይቆማል፣ ልብስ ሰፊው መርገጫውን ይለቃል፣ ባለሱቁ በሩን ይገጥማል፣ ጋሪ ነጂው ፈረሱን ጥላ ሥር ያስራል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአንድ ዕድር ሰው ነውና ሁሉም ነጠላውን ወይም ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ ለቅሶው ያቀናል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ኪዳኑን አንድ ነገር ሆድ ሆዱን ይበላው ነበር። አያርስም፣ አይሰፋም፣ አይፈጭም። በገበያው ውስጥ «ይህ የኪዳኑ እጅ ሥራ ነው» የሚባል አንዲት ዕቃ የለችም። ወፍጮ ቤት የተሰበሰቡ ቀልደኞች «ኪዳኑማ አየር ነው የሚነግደው» ብለው ሲስቁ አብሮ ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ለእመቤት ነገሩን ደጋግሞ ያነሣላታል። ስለዚህ ያለችውን ክብር አጥብቆ ያዘ። ያም ክብር ፈጥኖ መድረስ ነበር። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ የዘገየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን አንዲት አሮጊት ስድስት ሰው ብቻ ተከትሏቸው ተቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ለሞት ጥሪ እንዳይዘገይ ለራሱ ማለ። ሰውየውን ያሳሳተውም ይኸው መሐላ ነው።

ጉዱ የመጣው በገበያ ቀን ጧት ነው። ኪዳኑ አዘና ከተማ ካለችው እኅቱ ዘንድ ሁለት ቀን ሰንብቶ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለሰ። እሱ በሌለበት ዝናቡ የዕድሩን መጋዘን ጣሪያ አልፎ ድንኳኑን አርሶት ኖሯል። ዳኛውም «ሳይሻግት ሰፊ ግቢ ወስዳችሁ አድርቁት» ብሎ ጎረምሶቹን አዘዘ። ሰፊ ግቢ ያለው አሳምነው ነው፤ ከመንገድ ሥራ ጡረታ የወጣ፣ የኪዳኑ የአጥር ጎረቤት። ጎረምሶቹም ድንኳኑን በአሳምነው ግቢ በእንጨት ወጥረው፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ወልውለው በረድፍ ደርድረው ሄዱ።

ኪዳኑ ይህን ሁሉ ከየት ይወቀው? ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሲያይ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል። ጫፍ ላይ የአሳምነው ሚስት ሽታዬ ብቻዋን ተቀምጣለች። ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃዋለች፣ እጇ ጉንጯ ላይ ነው፣ ዐይኗ ፍም መስሏል። አሳምነው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ክፉ ሳል ይዞት ኪዳኑ ራሱ ጠይቆት ነበር።

«ምነው ሽታዬ? አያ አሳምነውስ?» አላት።

ሽታዬ አፏን አልከፈተችም። ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች፣ እጇን ወደ ውጭ አወናጨፈች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ኪዳኑ ክው አለ። ምስኪኗ ሽታዬ ሌሊቱን የጥርስ ሕመም ሲያንገበግባት አድሮ፣ ነጠላዋን እንዳገኘች ጣል አድርጋ ደጅ መውጣቷን ማን ይንገረው? በኋላ እንደተናገረችው «የለም፣ ወጥቷል» ማለቷ ነበር። አሳምነው ጺሙን ሊላጭ ገበያ ወርዶ ነበር።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከዳኛው አፍ ሳይሰማ አይነፋም። የዳኛው ቤት ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው። ኪዳኑ እዚያ ደርሶ እስኪመለስ የሚባክነውን ጊዜ አሰበ፤ ስድስት ሰው ብቻ የተከተላቸው አሮጊት ትዝ አሉት። ሻንጣውን እመቤት እግር ሥር ወርውሮ ጥሩምባውን ነጥቆ ወጣ። እያለቀሱ ጥሩምባ መንፋት ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። ግማሹ ትንፋሽ ለለቅሶው ይሄዳል።

«የዕድር ሰዎች ሆይ! አያ አሳምነው ዐረፉብን! ዝጉና ውጡ!»

ወፍጮው ቆመ። የጨርቅ ነጋዴው ሳዲቅ ለአንዲት ሴት የለካውን ጨርቅ ሳይቆርጥ ጠቅልሎ በሩን ገጠመ። ልብስ ሰፊው ዘጋ፤ እህል በረንዳው ዘጋ። ጥሩምባው እየራቀ ሲሄድ ስሙ ባይሰማም ጩኸቱ ብቻ ይበቃ ነበር። ገበያው ጫፍ ያለው ፀጉር አስተካካይም ምላጩን አስቀምጦ «ለቅሶ ነው፣ ተነሡ» አለ። ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ቀኝ ጉንጩ ተላጭቶ ግራው ገና በአረፋ እንደተሸፈነ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ። «የእኛ ሰፈር ጥሩምባ ነው እኮ! ማን ይሆን?» አለና ከሰዉ ጋር ተቀላቀለ። ይህ ሰው አሳምነው ነበር።

ሰዉ ሁሉ እሱ ወደሚኖርበት መንደር ሲታጠፍ አሳምነው ደነገጠ። ወደ ራሱ አጥር ሲጠጋ ደግሞ እርምጃውን አፈጠነ። ድንኳኑ ውስጥ ሽታዬ «አልሞተም» ለማለት ራሷን ብትነቀንቅም ሰዉ ሁሉ ኀዘን መስሎት ያለቅስ ነበር። አሳምነው ጎንበስ ብሎ ወደ ድንኳኑ ገባና ከፊቱ ያለችውን ሴት በሹክሹክታ «ማን ነው ያረፈው?» አላት።

«አሳምነው ነው እንጂ! ያ ደግ ሰው!» አለች ዞር ሳትል።

«የቱ አሳምነው?»

«ይኸው የዚህ ቤት ባለቤት ነዋ…» አለችና ዞረች። ግማሽ ፊቱ በነጭ አረፋ የተሸፈነ አሳምነው ቆሟል። የዚያች ሴት ጩኸት ከጥሩምባው በልጦ እስከ መናኸሪያ ተሰማ ይባላል። ድንኳኑ ተናወጠ፤ ወንበር ተገለበጠ፤ ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ እግሬ አውጪኝ አለ።

አንድ ሰው ብቻ ምንም አላየም፣ ምንም አልሰማም። መሬት ላይ ተንበርክኮ ደረቱን የሚደቃው አበረ ነው። አበረና አሳምነው በድንበራቸው ላይ በበቀለች አንዲት ባሕር ዛፍ ተጣልተው ስምንት ዓመት ሰላምታ አልተለዋወጡም ነበር። አበረ አንድ እግሩ ያለ ጫማ እንደሆነ ሮጦ መጥቶ «ወንድሜ! ይቅርታ ሳልልህ!» እያለ ይንሰቀሰቃል። አሳምነው ከአጠገቡ ቆሞ ጎንበስ አለ።

«ታዲያ አሁን በለኛ» አለው።

አበረ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኪዳኑ ከበሩ ላይ ሆኖ አየ። ሁለት ሽማግሎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ፣ የአሳምነው አረፋ የአበረን ኮት ሲያነጣው። ደስታው ግን ለኪዳኑ አልደረሰውም። አሳምነው ከአበረ ትከሻ ላይ ቀና ብሎ «ኪዳኑ! መሞቴን ማን ነገረህ?» ሲለው፣ ጥሩምባውን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ወደ ቤቱ ሮጠ።

በማግስቱ ዳኛው መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ኪዳኑ፣ እስከ ጠቅላላ ስብሰባው ድረስ እንዳትነፋ። ጸሐፊው ጥሩምባው ይቅር፣ ሞት በስልክ መልእክት ይነገር የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ብዙ ሰው ደግፎታል» አለው። ስብሰባው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ኪዳኑ ጥሩምባዋን ግድግዳው ላይ ሰቀለና ፊቱን ወደሷ አድርጎ ተቀመጠ። ያለ ጥሩምባው ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። እመቤት ሽሮ አቀረበችለት፤ ጉንጩ አልተነፋም። ያኔ እሷም ፈራች።

በሦስተኛው ቀን አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዛ አፊያ መጣች። የጨርቅ ነጋዴው የሳዲቅ ልጅ ናት፤ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር። ገና በሩ ላይ ሳቋ አመለጣት።

«ልትስቂብኝ ነው የመጣሽው?» አላት ኪዳኑ ቅር ብሎት።

«ወላሂ ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት፣ ጋሽ ኪዳኑ። ሁለት ዓመት የፈለግሁትን ምሳሌ በአንድ ቀን ሰጡኝ። የማጠናው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ካንሰር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እግዜር ይጠብቅሽ።»

አፊያ ብርቱካን እየላጠች አጠገቡ ተቀመጠች። «ሰውነታችን የተሠራው ከብዙ ብዙ ሴሎች ነው። እያንዳንዱ ሴል ውስጥ እንደ እኛ ገበያ ሺህ ሱቅ አለ እንበል። ሱቆቹ ጂኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ የየራሱን ዕቃ ያወጣል። ከመካከላቸው ሥራቸው መጠበቅ የሆነ አሉ። ሴሉ ያለ ልክ ልባዛ ሲል ‹ይበቃሃል› የሚሉት እነሱ ናቸው። ዕጢ እንዳያድግ የሚገቱ ጂኖች እንላቸዋለን። እነሱ ሥራ ሲያቆሙ ሴሉ ልጓም እንደበጠሰ ፈረስ ይሆናል።»

«ለምን ያቆማሉ? ተቃጥለው?»

«አንዳንዴ አዎ፣ ጂኑ ራሱ ይበላሻል። አንዳንዴ ግን ገብተን ስናይ ዕቃው በቦታው ነው፣ መደርደሪያው አልተነካም፣ አንዲት ሚስማር አልጎደለችም። ዝግ ነው፤ በቃ።»

«ማን ዘጋው?»

አፊያ ግድግዳው ላይ ያለችውን ጥሩምባ አየች። ኪዳኑም አየ።

«አር ኤን ኤ የሚባል ነገር አለ» አለች። «የታወቀው ዓይነት ከጂኑ ትእዛዝ ይዞ ይሄድና ፕሮቲን የሚባለውን የሱቁን ዕቃ ያሠራል። ሌላው ዓይነት ግን ምንም ፕሮቲን አያሠራም። ብዙ ነው፣ ሴሉን ሞልቶታል። ከተመራማሪዎቹ ብዙዎቹ ድሮ ‹ይህማ ትርፍ ነው፣ ጥራጊ ነው› ይሉት ነበር።»

«ምንም ስለማይሠራ?»

«ምንም ስለማይሠራ።»

«አየር ነጋዴ ነው በይኛ» አለ ኪዳኑ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉንጩ ነፋ አለ።

«እንደዚያ ሲሉት ኖረው በኋላ ሲታይ ግን ገበያውን የሚያዘው እሱ ሆኖ ተገኘ! ራሱ በር አይነካም። የሚዘጉትን ይጠራቸዋል፣ ወደ በሩ ይመራቸዋል። ተጠሪዎቹ መጥተው ጂኑ ላይ ምልክት ይለጥፋሉ፤ ጂኑ ያለበትን ክር አጥብቀው ይጠቀልሉታል። ከዚያ ወዲያ ገብቶ የሚያነበው የለም። ከእነዚህ አር ኤን ኤዎች ትንንሾቹ ደግሞ ሱቁን ሳይዘጉ የወጣውን መልእክት መንገድ ላይ ያስቀሩታል።»

ኪዳኑ ብርቱካኑን ይዞት ቀረ። «እንግዲያ ክፉ ነዋ።»

«ማን አለ? ጤነኛ ሰውነት ውስጥ ሥራው ይኸው ነው፤ መዘጋት ያለበትን ያዘጋል። እኛ ሴቶች ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞዞሞቻችን፣ ጂን ከተሸከሙት ክሮች፣ አንዱ የሚዘጋልን በእንዲህ ያለ አር ኤን ኤ ነው። እሱ ባይኖር ይኸን ብርቱካን የሚልጥልዎት ሰው አይኖርም ነበር። ካንሰር ውስጥ ግን ያለ ልክ ይበዛል፤ ወደማይገባው በር ይመራል። እንዲያውም አንደኛው ከጂኑ ጎን፣ ከዚያው ሰፈር ተነሥቶ ነው ጎረቤቱን የሚያዘጋው።»

«ጎረቤቱን!» ኪዳኑ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «ኧረ በማርያም፣ ጎረቤቱን!»

አፊያ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ እመቤትም ከጓዳ ሆና አብራ ሳቀች። ልጅቷ ዐይኗን ጠርጋ ቀጠለች። «የሚገርመው ግን ይህ አይደለም። ያን ቀን እኔ ከእንጅባራ የገባሁት ከሰዓት ነው። ጋሽ አሳምነው ደጃቸው ላይ ዳቦ ይበላሉ፣ ገበያው ግን እንደተዘጋ ነው! ልብስ ሰፊውን ለምን ዘጋህ ብዬ ስጠይቀው ‹ወፍጮው ስለተዘጋ› አለኝ። ወፍጮ ቤት ስሄድ ‹አባትሽ ስለዘጋ› አሉኝ። አባቴን ስጠይቀው ‹ሁሉም ዘግቷል እኮ!› አለ። ከሰዓት የደረሱ ነጋዴዎች እንኳ ዝግ አይተው፣ ምክንያቱን ሳይጠይቁ፣ ሳይከፍቱ ዋሉ። ገበሬው እህሉን እንደጫነ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሴሉም እንዲሁ ነው፤ ለሁለት ሲከፈል ልጆቹ መዘጋቱን ይወርሳሉ። የጠራው ዝም ካለ በኋላ እንኳ በሩ ዝግ ሆኖ ሊቀር ይችላል።»

ይህ ነገር ኪዳኑ ጆሮ ውስጥ ገብቶ አልወጣም። እሱ ሽሽት ላይ ሳለ ገበያው ተዘግቶ መዋሉን አያውቅም ነበር።

«መክፈቻ የለውም?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለአንዳንድ የደም ካንሰር ምልክቱን የሚያነሣ መድኃኒት አለ፤ ለሁሉም ሰው አይሠራም፣ ለሁሉም ካንሰር አይሆንም። ጥሪውን ራሱን ዝም የማሰኘቱ ነገር ገና እየተጠና ነው። ትልቁ ተስፋ ግን ሱቁ አለመቃጠሉ ነው፣ ጋሽ ኪዳኑ። የተቃጠለን ማን ይመልሳል? የተዘጋ ግን ይከፈታል።»

በሄደች ጊዜ ኪዳኑ ተነሥቶ ጥሩምባዋን በጨርቅ ወለወላት።

አፊያ ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ከስብሰባው በፊት ነበርና ሳዲቅ «ልጄን ምሳሌ የሰጠሃት አንተ፣ ና አብረን እንስማት» ብሎ ኪዳኑን ይዞት ሄደ። እንጅባራ እንደ ልማዷ በብርድ ተቀበለቻቸው። ከመናኸሪያ በባጃጅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ኪዳኑ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ንግግሩ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነበር። ኪዳኑ «አር ኤን ኤ» የምትለውን ብቻ እየለየ፣ በሰማት ቁጥር ስሙ እንደተጠራ ሰው ቀና ይል ነበር። ሳዲቅም አንዲት ቃል ሳይገባው እንባው ግጥም ይላል። መጨረሻ ላይ አፊያ በአማርኛ ስለ አንድ ጥሩምባ ነፊ አወራች። ስሙን አልጠራችም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከፊት ወንበር አንድ መምህር እጁን አነሣ። «ታዲያ መፍትሔው ጥሩምባ ነፊውን ማስወገድ ነው?»

ኪዳኑ ጋቢውን ከአፉ ገለጠ። እንቅልፍ የነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ዳንግላ ትቶት የመጣ መስሎት ነበር።

«ጠቅልለን ብናስወግደው መዘጋት ያለበትም አይዘጋም» አለች አፊያ። «የምንፈልገው የተሳሳተውን ጥሪ ብቻ ለይቶ ማስቆም ነው። ከዚያም የተዘጋውን መክፈት። የሰፈራችን ጥሩምባ ችግር መንፋቱ አይደለም፤ ‹ክፈቱ› የሚል ጥሪ ኖሮት አያውቅም።»

ኪዳኑ መቼ እንደተነሣ ራሱም አላወቀ። «እውነቷን ነው!» አለ ጮክ ብሎ። ሃያ ሰባት ዓመት የሠለጠነ ድምፅ ነውና መስኮቱ ነዘረ። ሰው ሁሉ ዞረ። «ሃያ ሰባት ዓመት ስነፋ መክፈቻ እንደሌለኝ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ይቅርታ፣ አቋረጥኳችሁ። እኔ ነኝ ያ አር ኤን ኤ።»

ጭብጨባው ለአፊያ ይሁን ለእሱ አልለየለትም። በሚኒባስ ሲመለሱ ሳዲቅ አፉን ሞልቶ ስለ ልጁ ያወራል፤ ኪዳኑ ግን ጉንጩን እየነፋ እየለቀቀ፣ በከንፈሩ ድምፅ አልባ ዜማ እየሞከረ መንገዱን ጨረሰ። መንገዱን ሲያጋምሱ አንድ ረጅም ትንፋሽ አገኘ፤ ዳንግላ ሲደርሱ ልኩን አውቆት ነበር።

የስብሰባው ቀን የዕድሩ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ያው ድንኳን ነው፣ በደንብ ደርቋል። ጸሐፊው ስለ ስልክ መልእክት አስረዳ። በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይደርሳል፣ አይሳሳትም፣ አያለቅስም። አንዲት ባልቴት «ኔትወርክ ሲጠፋ እኛ ሳንሞት እንቆያለን ማለት ነዋ!» አሉና ሳቅ ሆነ። ሆኖም ብዙው ሰው ራሱን ለጸሐፊው በመስማማት ይነቀንቅ ነበር። ዳኛው ኪዳኑን የሚለው ካለው እንዲናገር ፈቀደለት።

ኪዳኑ ቆመ። ጥሩምባዋ በእጁ ነበረች፤ ቢወሰንበት እዚያው ሊያስረክብ አምጥቷታል።

«ሁለት ጥፋት አጥፍቻለሁ» አለ። «አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሳልታዘዝ ነፋሁ። ሁለተኛው ይብሳል። መሳሳቴን ሳውቅ ሸሸሁ። እኔ ቤቴ ገብቼ ለራሴ ሳለቅስ ገበያው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ዋለ። የዘጋሁትን በር ሁሉ ዞሬ መክፈት ነበረብኝ፤ አልከፈትኩም። ሐፍረቴ ይህ ነው። ከእንግዲህ ከዳኛው አፍ ሳልሰማ አልነፋም። ደግሞም የመክፈቻ ጥሪ አበጅቻለሁ፤ አንድ ረጅም ትንፋሽ ነው። ብሳሳት በገዛ ትንፋሼ እመልሰዋለሁ። ከወሰናችሁብኝ ግን ጥሩምባዋ ይቺው፤ አደራ ዝናብ አታስመቷት።»

ቀስ በቀስ ዐይን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ። አሳምነው ከአበረ ጎን ተቀምጧል፤ ሁለቱም ጉንጮቹ ዛሬ በደንብ ተላጭተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪዳኑን አላነጋገረውም ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«ሰው ሲሞት ማን እንደሚያለቅስለት አያይም» አለ። «እኔ አይቻለሁ። በአንድ እግሩ ጫማ ሮጦ የመጣልኝንም አይቻለሁ። ስልክ ይህን አያደርግም።» የአበረን ትከሻ ነካ። «ስምንት ዓመት እኔ ነበርኩ የተዘጋሁት፤ ኪዳኑ ሊዘጋኝ መጥቶ ከፈተኝ። ጥሩምባው ከእጁ እንዳይወጣ። አንድ ነገር ብቻ አስገቡልኝ፣ በቃለ ጉባኤም ይጻፍልኝ።» ወደ ኪዳኑ ዞረ። «የእኔን ሞት ከመንፋትህ በፊት በሬን አንኳኳና እኔኑ ጠይቀኝ።»

ድንኳኑ በሳቅ ሊነሣ ደረሰ። ጥሩምባው እንዲቀጥል እጅ ሲቆጠር ጸሐፊው ራሱ የመጀመሪያውን አንሥቶ ነበር። ኪዳኑ እንባውን በጋቢው ጠረገ፣ እመቤትም ከሴቶቹ መካከል እልል አለች። ዳኛውም «እንግዲህ የመጀመሪያ ትእዛዜን ስማ፤ በመጪው ገበያ ቀን ውጣና የዘጋኸውን ክፈት» አለው።

የገበያው ቀን ደረሰ። ኪዳኑ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ያን ዕለት የዞረበትን መንገድ ያንኑ ይዞ ወጣ። ሱቁ ሁሉ ክፍት ነበር፤ ሦስት ሳምንት አልፎታል፣ ማን ዘግቶ ይጠብቀዋል? ግን አንዱን ረጅም ትንፋሽ እንደለቀቀ ሳዲቅ ከመደርደሪያው ጀርባ ዘሎ ወጣና በሩን ግጥም አድርጎ ዘጋ። ልብስ ሰፊው አየው፣ ዘጋ። ወፍጮው ቆመ። በተርታ እስከ ፀጉር አስተካካዩ ድረስ በር ሁሉ ተገጥሞ ባለቤቶቹ እጃቸውን መዝጊያው ላይ አድርገው ጥርሳቸውን ይፈለቅቃሉ። ከገጠር የመጡ ገበሬዎች በአገውኛ «ምን ነካቸው?» እየተባባሉ ጋሪዎቻቸውን አቆሙ።

«የዕድር ሰዎች ሆይ!» አለ ኪዳኑ። «አያ አሳምነው በሕይወት አሉ! ክፈቱ!»

በሮቹ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ሳዲቅ ያን ዕለት ሳይቆርጥ የጠቀለለውን ጨርቅ አውጥቶ እንደ ባንዲራ አውለበለበው። ኪዳኑ ሱቅ በሱቅ፣ በር በበር እየነፋ ዞረ፤ በመጨረሻም ወደ መንደሩ ታጥፎ አንድ አጥር ፊት ቆመ። ደንቡ በቃለ ጉባኤ ተጽፏልና በሩን አንኳኳ።

«አያ አሳምነው፣ አሉ?»

«አለሁ!» አለ አሳምነው ከውስጥ፤ አበረም ከጎኑ ሆኖ «አለ! አለ!» ሲል ተሰማ።

ኪዳኑ ይህን ለሰፈሩ ሊያበሥር ጉንጩን ነፍቶ ጥሩምባውን አፉ ላይ አደረገ። ሳቅ አሸነፈውና አንዲት ድምፅ እንኳ አልወጣለትም።